ቅናሽ ክፍል ያረፉ ሽማግሌዎች

ሚሳኤል የነጋዴ ሚዛን መርማሪ ነው። ሥጋ ቤት ገብቶ የሚዛኑን ድንጋይ አንዴ በመዳፉ ከፍ ዝቅ ካደረገው፣ ምን ያህል እንደተፋቀ ይናገራል። ቄራ አካባቢ ያሉ ባለ ሥጋ ቤቶች ከሩቅ ሲያዩት ሚዛናቸውን መወልወል ይጀምራሉ። ይህን ያህል ጠንቃቃ የሆነ ሰው፣ የሕይወቱ ትልቁ ጉዳይ የሚወሰንበትን ሆቴል ግን በፎቶግራፍ ብቻ አይቶ ያዘ።

ጉዳዩ ያኤል ናት፤ ብስራተ ገብርኤል የሚኖሩት የአቶ ላቀው ልጅ። ሁለቱ የተዋወቁት በአንድ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ነው። በጥር 1990 ሚሳኤል ሽማግሌ ሊልክ ቆረጠና ከሻሸመኔ ሦስት ሰዎች አስመጣ፤ አጎቱን አቶ ሞልቱን፣ የአባቱን የቅርብ ጓደኛ አቶ በንቲን፣ እንዲሁም ጉልበታቸው የማይታዘዝላቸውን ነገር ግን ንግግራቸው የሚደመጠውን አቶ ሮበሌን። እሱ ራሱ ላፍቶ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ስለሚኖር ሦስት ሽማግሌ የሚያሳድርበት ቦታ አልነበረውም።

ፒያሳ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል፣ ሆቴሎች ያላከራዩዋቸውን ክፍሎች በግማሽ ዋጋ ይሸጥ ነበር። መስኮቱ ላይ የ«አዲስ ጮራ ኢንተርናሽናል ሆቴል» ፎቶ ተለጥፏል። ሰማያዊ የመዋኛ ገንዳ፣ ነጭ ጃንጥላ፣ ጃንጥላው ሥር ብርጭቆ የጨበጠች ፈረንጅ። አድራሻው መካኒሳ አቦን አለፍ ብሎ ነው። ሚሳኤል ፎቶውን አየ፣ ዋጋውን አየ፣ ከፈለ።

ዓርብ ሽማግሌዎቹን ይዞ ሲደርስ ገንዳውን አገኘው። ተቆፍሯል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የሲሚንቶ ከረጢትና አንድ የተገለበጠ ጋሪ አለ።

«ገንዳው አልቋል፤ የቀረው ውሃው ብቻ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ክብረት። ክራባት ያሰረ፣ ሲናገር እጁን የሚያሻሽ ሰው ነው። የወኪሉን ወረቀት ተቀብሎ አየና ፊቱን ሳይለውጥ ወደ ጓዳ ጮኸ። «አፀደ፣ ቅናሽ መጥቷል፤ ሁለት መቶ አራት አስገቢያቸው።»

በዚያ ሆቴል ሙሉ ዋጋ የከፈለ «እንግዳ» ሲባል በወኪሉ በኩል የመጣ «ቅናሽ» ይባላል። እንግዳ ቁርሱ ላይ እንቁላል አለው፤ ቅናሽ ዳቦና ሻይ። የእንግዳ መታጠቢያ ቤት ሙቅ ውሃ ይወርድለታል፤ የቅናሹ ቧንቧም ቀይ ምልክት ተደርጎለታል፣ ግን እሱን ሲከፍቱት የሚመጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ቧንቧው እንደ እኔ አስም አለበት» አሉ አቶ በንቲ።

«ዝም በል፣ ልጁ ይሰማል» አሉ አቶ ሞልቱ።

ልጁ ሰምቷል። ግን አልጋው ንጹሕ ነው፣ ሦስት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አለ፣ ወለሉ ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ይበቃል ብሎ ራሱን አጽናና።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ብስራተ ገብርኤል ሄዱ። ወጉ እንደሚያዘው ቤት ገብተው ቆሙ፤ ተቀመጡ ሲባሉም ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። አቶ ላቀው በጡረታ እስኪገለሉ ድረስ የመንግሥት መጋዘን ኃላፊ የነበሩ፣ በቀላሉ የማይታለሉ ሰው ናቸው። አቶ ሮበሌ ተናግረው ሲጨርሱ ጥቂት አሰቡና፣ «መልሱን ነገ ከሰዓት ያላችሁበት መጥቼ እሰጣለሁ» አሉ።

«ኧረ እኛው እንመለሳለን፤ እርስዎ ለምን ይደክማሉ» አሉ አቶ ሞልቱ ደንግጠው።

«ግድ የለም። ሽማግሌዎቹን የት እንዳሳደረ ካየሁ፣ ልጄን የት እንደሚያሳድራት አውቃለሁ።»

ይህ ለሚሳኤል ሲነገረው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። እሑድ ከጸሎት በኋላ ብርቱካንና ብስኩት ገዝቶ ሆቴሉ ሲደርስ፣ በሩ ላይ የሠርግ መኪኖች ተደርድረዋል። ደረጃውን ሲወጣ አፀደ ሁለት ወንበር በአንድ እጇ፣ አንድ በሌላው ይዛ ስትወርድ ተገናኙ።

«የማን ወንበር ነው?»

«የሁለት መቶ አራት። ታች ሠርግ አለ፣ ወንበር አነሰ።»

«ሁለት መቶ አራት እኮ ሰው አለበት።»

«ሰውማ አለበት፤ ግን ቅናሽ ናቸው» አለችና አልፋው ወረደች።

ክፍሉ ሲገባ ጠረጴዛውም የለም። ፍራሾቹም ተወስደዋል፤ የሙሽሮቹን መቀመጫ ከፍ ለማድረግ በቬሎ ጨርቅ ተሸፍነው እንደሚደረደሩ አቶ በንቲ አስረዱት። የቀረው የብረት አልጋና የአልጋው ሽቦ ነው። አቶ ሮበሌ ሽቦው ላይ ለመቀመጥ ሞክረው ወደ ውስጥ ሰምጠው ጉልበታቸው ከጢማቸው ስለተገናኘ፣ ሁለቱ ጎትተው አውጥተዋቸዋል። አሁን ሦስቱም ጋቢያቸውን ለብሰው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

ሚሳኤል ወደ ታች በረረ።

«ወንድሜ» አለ ክብረት እጁን እያሻሸ፣ «የገዛችሁት ክፍል ነው። ክፍሉን የነካባችሁ አለ?»

«ወንበር የሌለው ምን ክፍል ነው?»

«ማታ ይመለሳል። ቅናሽ ማለት እኮ መቻቻል ነው።»

ሚሳኤል ሊመልስ አፉን ሲከፍት በመስታወቱ በር በኩል አቶ ላቀው ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሲገቡ አየ። ተመልሶ ሽቅብ ሮጠ። ልጅ የሚጠይቀው ጎረምሳ በሽምግልና ላይ አይታይም፤ ነውር ነው። ኮሪደሩ መጨረሻው ግድግዳ ስለሆነ የሚደበቅበት ሌላ ቦታ አጥቶ የክፍሉ መታጠቢያ ቤት ገባ። መዝጊያው ስለማይገጥም በስንጥቁ ሁሉ ይታያል።

አቶ ላቀው ገብተው በሩ ላይ ቆሙ። ሦስቱን ሽማግሌዎች አዩ፤ ባዶውን ክፍል አዩ። አቶ ሮበሌ በአንድ እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨብጠዋል።

«ምነው ቆማችሁ?»

አቶ ሞልቱ እውነቱን ሊናገሩ ነበር፤ አቶ በንቲ ቀደሟቸው። «መልስ ሳንሰማ እንዴት ብለን እንቀመጣለን?»

«ከትናንት ጀምሮ?»

አቶ በንቲ አንገታቸውን ደፉ። መዋሸት አይባልም፤ አንገት መድፋት ነው።

አቶ ላቀው ክፍሉን በዓይናቸው ዞሩት። «ወንበሩስ?»

«ከዚህ እንዲወጣ ሆነ።»

«ፍራሹም?»

«ፍራሹም።»

የመጋዘን ኃላፊው ድምፅ ተለወጠ። «ሽማግሌ ልኬም ተቀብዬም አውቃለሁ። እኔ ቤት ገብተው ቆመው፣ አልቀመጥ ብለው፣ እግራቸውን ሲያማቸው ግን ወንበሩን በዓይናቸው የሚፈልጉ ብዙ አይቻለሁ። እንዳይፈተን ወንበሩን ያስወጣ ሽማግሌ ግን አላጋጠመኝም።»

ሚሳኤል ስንጥቁ ላይ ዓይኑን ተክሏል። ሥራው የተፋቀ ድንጋይ መያዝ ነው፤ እነሆ ከፊቱ አንድ የተፋቀ ድንጋይ በሙሉ ሚዛን እየተመዘነለት ነው። ወጥቶ ይናገር? ከወጣ ወጉን ጣሰ፣ ያኤልንም አጣ። ካልወጣ አማቱን አታለለ። የራስጌው ቧንቧ ሁለት ቀን ሲጠበቅ የነበረውን ውሃ በዚህች ሰዓት ትከሻው ላይ ማንጠብጠብ ጀመረ። አልተነቃነቀም።

«ሰጥቻለሁ» አሉ አቶ ላቀው። «ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ። አሁን እባካችሁ ተቀመጡልኝ።»

ሦስቱ ተያዩ። እሺ ከተባሉ በኋላ ቆሞ መቅረት ጭራሽ ካለመምጣት ይብሳል። አቶ ሮበሌ ምርጫም አልነበራቸውም፤ ጉልበታቸው ከዳቸውና ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ ወረዱ። አቶ ሞልቱ ተከተሉ።

«በእኛ ዘንድ ከተሰጠን በኋላ የምንቀመጠው መሬት ነው» አሉ አቶ በንቲ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

አቶ ላቀው በጣም ተነኩ። ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ሳብ አድርገው እሳቸውም ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አራት ሽማግሌዎች የአልጋው አጥንት ብቻ በቀረበት ክፍል ውስጥ ክብ ሠርተው ምርቃት ሊጀምሩ ሲሉ በሩ ተከፈተ።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ብትነሱልኝ» አለች አፀደ። «ምንጣፉን ልወስድ ነው። ሙሽሮቹ ከመኪና ሊወርዱ ነው።»

ማንም አልተነሣም። አቶ ላቀው ባርኔጣቸውን ከምንጣፉ ላይ አንሥተው አቧራውን አራገፉ።

«ወንበሩንም አንቺ ነሽ የወሰድሽው?»

«እኔ ነኝ። ፍራሹንም። በእንግዳ ላይ እንዲህ አናደርግም፤ እነሱ ግን ቅናሽ ናቸው።»

«ምንድን ናቸው?»

«በግማሽ ዋጋ የገቡ። ልጁን ይጠይቁት፣ ያው በስንጥቁ ይታያል፣ መታጠቢያ ቤት ቆሟል።»

«ይውጣ» አሉ አቶ ላቀው።

ሚሳኤል ወጣ። አንድ ትከሻው እርጥብ ነው። ከታች የመኪና ጡሩምባና እልልታ ይሰማል።

«ሽማግሌዎችህን በግማሽ ዋጋ አሳደርካቸው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ወንበሩን ስለወሰዱባቸው ነው የቆሙት?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

አቶ በንቲ ጣራውን ያያሉ። አቶ ሞልቱ ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነዋል። አፀደ የምንጣፉን ጫፍ እንደያዘች ቆመች።

«ሰጥቻለሁ ብያለሁ፣ ሦስት ሰው ሰምቷል» አሉ አቶ ላቀው እየተነሡ። «ቃሌን አልበላም። አንተ ግን ስማኝ። ለሠርጉ አዳራሽ አትይዝም። መኪና አትይዝም። ድንኳንም ቢሆን አትይዝም። ልጄ የምትዳረው በሙሉ ዋጋ ነው፤ የምይዘው እኔ ነኝ፣ የምትከፍለው አንተ ነህ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ትንሽ እንኳ አይቀነስም?» አሉ አቶ በንቲ።

አፀደ ምንጣፉን ከበሩ በኩል መጠቅለል ጀምራለች፤ ጥቅልሉ አቶ ሮበሌ ጋ ደረሰና ቆመ። ሽማግሌው መነሣት አልቻሉም።

ሚሳኤል በአንድ ብብታቸው ገባ። አቶ ላቀው ባርኔጣቸውን አጠለቁና በሌላው በኩል ጎንበስ አሉ።

«በደንብ ያዝ» አሉት፤ «እሳቸውንም በግማሽ እንዳትይዛቸው።»