ያልተበላው ዚንክ

ሜረን በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጣ የምትጠላው ፍጥረት ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ከጀልባ ሥር ተለጥፎ የሚያድግ፣ ጫፉ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ነጭ የባሕር ቅርፊት ነው። ባሌን የገደለው እሱ ነው ትላለች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የባሏ የማንሲ ጀልባ ውልብልቢት፣ ከሥሯ እየተሽከረከረ የሚገፋት የነሐስ ክንፍ፣ ቅርፊት ለብሶ ውሃ መግፋት አቃተው፤ በሁለት ደሴቶች መካከል ያለው ጠባብ ባሕር፣ ሰዉ ጉሮሮ የሚለው፣ ጀልባዋን አንዴ አሽከርክሮ ከዓለት ጋር አላተማት። ለቀብር የሚሆን አስከሬን እንኳ አልተገኘም።

አሁን በዚያው ጉሮሮ የሚመላለሰው ልጇ ኤርላንድ ነው። ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል፤ እሷ ግን በወጣ ቁጥር ቀብራው ነው የምትመለሰው።

በሚያዝያ፣ ባሕሩ እጅግ በሚሸሽበት ቀን፣ እንደ ደሴቱ ልማድ የኤርላንድን ጀልባ ከወደቡ ግንብ ጋር አስደገፏት። ውሃው እስኪመለስ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ነው። ወንዶቹ ከሥሯ ቅርፊቱን ይፍቃሉ፤ ውልብልቢቱንና ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን የነሐስ ዘንግ መቀባት የቤቱ ሴት ሥራ ነው። ሜረን ከበግ ጠጉር የወጣውን ሞራ በምድጃ አቅልጣ አመጣች፤ ነሐሱን በእሳት አሙቃ በባዶ እጇ አሸችው። ሞራ በጠገበ ነሐስ ላይ ቅርፊት መያዣ አያገኝም።

ጎረቤቷ ሲጉርድ ከግንቡ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያያታል።

«አንቺ ሜረን፣ ሙሽራ እየኳልሽ ነው እንዴ? የእኔዋ ጀልባ የቅርፊት ጢሟን ካሳደገች ሁለት ዓመቷ። ማን ሊስማት ነው ብዬ ልላጫት?»

«ያንተዋማ ስትሄድና ስትቆም አትለይም!»

ሲጉርድ እየሳቀ ሄደ፤ ኤርላንድም ዳቦና አሳ ሊቀምስ ወጣ። እሷ ብቻዋን ቀረች። ከዘንጉ ጫፍ ላይ ጡጫ የሚያህል ግራጫ ዚንክ ታስሯል። እሱ አይቀባም፤ ይህን ታውቃለች። ጨዋማ ውሃ ብረት ይበላል፤ መጀመሪያ የሚበላው ዚንኩን ስለሆነ ነሐሱ ይተርፋል። ማንሲ «ስለ እኛ የሚበላ ነው፣ ራቁቱን ተዪው» ይል ነበር። ግን ዚንኩ ላይ ምስር የምታክል ነጭ ነጥብ አየች። ቅርፊት ነው፤ ገና ሕፃን። በጥፍሯ ፈነቀለችው። ከአንድ አይደል የሚጀምረው? ዚንኩን ስስ አድርጋ ሞራ ቀባችው። አልበቃ አላት። ደገመችው። ሠለሰችው። ከዚያ ውሃው መጣና ሁሉንም ሸፈነው። ለማንም አልተናገረችም፤ ያን ሌሊት ግን ከብዙ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

በመስከረም ጀልባዋ ዳግም ግንቡን ተደግፋ ቆመች። ኤርላንድ ውልብልቢቱን ሲያይ ጮኸ።

«እማዬ፣ እጅሽ ይባረክ! አንድ ቅርፊት እንኳ የለም! ጋሼ ሲጉርድ፣ ናና እይ፣ ቅናት ይግደልህ!»

ሲጉርድ በመሰላሉ ወረደ፤ አደነቀ። ቀጥሎ ዚንኩ ጋ ጎንበስ አለና ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ይህን መቼ ቀየርከው?»

«አልቀየርኩትም።»

«አዲስ ነው እኮ። ጠርዙ እንኳ አልተነካም።»

ሲጉርድ በጣቱ ጫረው። ጥፍሩ ሥር ሞራ ገባ። ቀና ብሎ ሜረንን አያት። ኤርላንድ ግን ቢላውን አውጥቶ ዘንጉን ፋቀ። ቢጫ መሆን የነበረበት ነሐስ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀላ፤ ከቢላው ሥር እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ፤ ባሕሩ ዚንኩን ቢያጣ እሱን በልቶታል።

«እኔ ነኝ» አለች ሜረን። «ነጥብ አይቼበት ነው።»

ኤርላንድ ቢላውን አጠፈ። «እሺ። ሆነ እንግዲህ።»

ቢቆጣት በወደደች ነበር።

«አዲስ ዘንግ ከማዶ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ነው» አለ ለሲጉርድ። «የአሳ ወጥመዶቼ በሙሉ ከጉሮሮው ወዲያ ናቸው። ወጀቡ ሐሙስ ይገባል። ነገ ካላነሳኋቸው የብርዱን ወራት የምንበላው የለም።»

«በእኔዋ እናምጣቸው።»

«ጋሼ፣ ያንተዋ እስክትደርስ ገና ይከበራል።»

«አትሂድ» አለች እናቱ። «እሸጣለሁ። ቤቱን እሸጣለሁ።»

«ማን ይገዛልሻል እዚህ? ውሃው በሚረጋበት ሰዓት እሻገራለሁ፤ ቀስ ብዬ። ዘንጉን አላስጨንቀውም።»

በማግስቱ ጉሮሮው ረጋ ሲል ሄደ። ሜረን ግንቡ ላይ ቆማ በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ተከተለችው። የሞተሩ ድምፅ ከባድ ነበር፤ ጥሩ ነው፤ ከባድ ማለት ውሃ እየገፋ ነው። ሄደ። ጭነቱን ይዞ ተመለሰ፤ ወጥመዶቹ ከኋላ ተቆልለው ይታያሉ። ግን ዘግይቷል፤ ውሃው መንቀሳቀስ ጀምሯል። መሃል ላይ ሲደርስ ድምፁ በአንዴ ቀጭን ሆነ። ጭነቱ እንደ ወደቀለት በቅሎ ሞተሩ ብቻውን ጋለበ፤ ጀልባዋ ግን አልተከተለችውም፤ ዘንጉ ተሰብሯል።

«ሲጉርድ!»

ሲጉርድ የራሱን ጀልባ ገመድ ቀድሞ ፈትቶት ኖሯል። የጀልባው ሞተር አጓራ፤ ጢማሟ ጀልባ ከግንቡ ተላቀቀች።

«ቶሎ! ቶሎ በልልኝ እንጂ!»

«ያላት ይኸው ነው፣ ሜረን! ከዚህ በላይ የላትም!»

ያ ቅርፊት ሁሉ ከሥሯ ይጎትታታል። ዘንጓ ግን ጤነኛ ነበር፤ ዚንኳ በወጉ ተበልቷል።

ከማዶ የኤርላንድ ጀልባ አንዴ ዞረች። ሰዎች ስለ ማንሲ ሲያወሩ እንደሰማችው፣ ልክ እንደዚያው። ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር ዓለቱ ጋረዳት።

ሜረን ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ጫነች። የበግ ሞራ ይሸታሉ። የሲጉርድ ጀልባ ገና ከወደቡ አፍ አልወጣችም ነበር።