የሱንዱስ የእረፍት ሳምንት

ሱንዱስ ብረቱን ከደረቷ ገፍታ አናቷ ላይ ስታቆመው ክንዶቿ ተቆለፉ። አንድ እግሯ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ተዘርግቷል። የፊተኛውን ሰበሰበች፤ የኋለኛውን አስከተለች፤ ቀጥ ብላ ቆመች። ዘጠና አምስት ኪሎ ከራሷ በላይ ነበር።

«አውርጂው» አለ አሰልጣኟ ዘይኑልአቢዲን።

ለቀቀችው። ብረቱ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በተሠራው ንጣፍ ላይ ወድቆ አቧራ አስነሳ። በሕይወቷ ይህን ያህል አንስታ አታውቅም። ሻርፗን አጥብቃ እያሰረች፣ ፊቷ በሳቅ ሊፈነዳ እየደረሰ፣ ሁለት ኪሎ ብቻ እንዲጨምርላት ለመነችው። ዘይኑልአቢዲን ግን ጎንበስ ብሎ ኪሎዎቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀምሮ ነበር።

«ገና አሁን ነው እኮ የሞቀኝ» አለችው።

«ስለሞቀሽ ነው የማስቆምሽ። ከዛሬ ጀምሮ እስከ አዲስ አበባው ውድድር ከባድ ነገር አትነኪም።»

ነገሩን ቁጭ አድርጎ አስረዳት። ሰውነቷ ወራት ሙሉ ሲቀጠቀጥ ከርሟል። አሁን ሥራው ማረፍ ነው። ጉልበት የሚመጣው ብረት ስትሸከም ሳይሆን ብረቱን አስቀምጣ ስትተኛ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ቀለል ያለ ኪሎ በፍጥነት ታነሳለች፤ ወደ መጨረሻው ባዶውን ብረት ብቻ። ጀሪካን የለም፣ ጆንያ የለም፣ ዳገት መሮጥ የለም። ደግሞ ከሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ በላይ ከመዘነች በምድቧ አትወዳደርም፤ አሁን ካለችበት አንድ ኪሎ ገደማ መቀነስ አለባት።

ሱንዱስ ሁሉንም ሰማችና አንገቷን ነቀነቀች። ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር። በዚያው ሳምንት የታናሽ እህቷ የኢንሳፍ ሠርግ ነው።

ሱንዱስ መሸከም የለመደችው ከብረቱ በፊት ነው። ኩዌት በሰው ቤት በሠራችባቸው ዓመታት የአሠሪዋን እናት ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ቤት ታነሳ ነበር። አሮጊቷ ከባድ ነበሩ፤ ትንሽ ሲያማቸውም ይጮሁ ነበር። ማንም ሳያስተምራት ጠጋ ብሎ መያዝን፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ በእግር መነሳትን እዚያ ተማረች። በለውጡ ዓመት፣ አገሩ ሁሉ ስለ ተስፋ በሚያወራበት ሰሞን፣ ወደ ቤተሰቦቿ ከተማ ወደ ሐይቅ ተመለሰች። ከጓደኞቿ ጋር የክብደት ማንሳት ልምምድ ልታይ ወደ ከተማው አዳራሽ ገባችና ወንዶቹ መንገድ ላይ የተዉትን ብረት አንስታ ጥግ አስቀመጠችው። ዘይኑልአቢዲን ያኔ አያት። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ለአንድ ክለብ ክብደት ያነሳ የነበረ፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያሰግር፣ ከሰዓት በኋላ ልጆች የሚያሠለጥን ሰው ነው። ማንሳቷ አልገረመውም፤ የገረመው ማስቀመጧ ነው። ብረቱ መሬት ሲነካ ድምፅ አልነበረውም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ለብሔራዊው የክብደት ማንሳት ቡድን ምርጫ ስትዘጋጅ ከሰሜን በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ እየቀረበ መጣና ከተማው በአንድ ቀን ባዶ ሆነ። ዘይኑልአቢዲን ብረቱን ግራሶ ቀብቶ በላስቲክ ጠቀለለውና በጀልባ ወስዶ ሐይቁ ውስጥ አሰጠመው። ሱንዱስ ደግሞ ዳሌያቸው ከተሰበረ ጀምሮ መራመድ የማይችሉትን አክስቷን ስህንን አዝላ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ወጣች። አንድ አይሱዙ ቆሞ እስኪጭናቸው ድረስ አላወረደቻቸውም። ምርጫው በዚያው አመለጣት፤ ጀርባዋም ክረምቱ እስኪቃረብ ያማት ነበር። ሲመለሱ የአዳራሹ ጣሪያ ተቦድሷል፤ አዳዲሶቹ ባለ ጎማ ኪሎዎች የሉም። ብረቱ ግን ካሰጠመበት ወጣ። ጫፎቹ ላይ ኪሎ የሚገባባቸው ቱቦዎች ዝገው በእጅ ሲዞሩ ይንቋቋሉ እንጂ እንደ ድሮው አይሽከረከሩም። እሷ ዛሬ ዘጠና አምስት ያነሳችው በዚህ ብረት ነው።

ቤት ስትደርስ ግቢው በዘመድ ሞልቷል። በጦርነቱ የተላለፈ ሠርግ ስለሆነ ሰዉ ሁሉ በእጥፍ ነው የተደሰተው። እናቷ መሪማ ገና ከበር ሳትገባ የውሃውን በርሜል ወደ ማድ ቤቱ እንድታስጠጋላት ነገረቻት። በዚያ ቤት ከባድ ነገር ሲኖር የሚጠራው የሱንዱስ ስም ነው።

ሱንዱስ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ እንደማትችል ተናገረች።

«አመመሽ እንዴ ልጄ?»

«አይ እማ። አሰልጣኙ ከልክሎኛል። ማረፍ አለብኝ።»

መሪማ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ዘጠና አምስት ኪሎ ስታነሳ የዋለች ልጅ በርሜል መግፋት አትችልም የሚለውን ነገር በምን ሆዷ እንደምታስገባው ጨነቃት። ሴቶቹም ሰሙ። አንዷ ከኩዌት የመጡ ልጆች ሥራ ይንቃሉ አለች፤ ሌላዋ ሳቀች። በርሜሉን ሁለት አሮጊቶች እየተጋገዙ ሲገፉት ሱንዱስ ሽንኩርት ለመላጥ ተቀመጠች። ሽንኩርቱ ለማልቀስ ጥሩ ሽፋን ሆነላት።

ከዚያ የምግቡ ፈተና መጣ። ሥጋው፣ እርጎው፣ ብርዙ፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ሊያጎርሳት እጁን ይዘረጋል። በየጠዋቱ የሙጂባ እህል መደብር ትሄድና ጤፍ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ትወጣለች። ሙጂባ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ታነብላታለች። በሠርጉ ዋዜማ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችና ሳቀች።

«ሃምሳ ዘጠኝ ድፍን። እንግዲህ ዛሬ ቅቤ እንዳታሸቺ።»

ይሁን እንጂ በሰውነቷ ውስጥ አንድ ነገር እየሆነ ነበር። ለወራት ጧት ስትነሳ ጉልበቶቿ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበሩ። አሁን ለሱብሒ ሶላት ስትነሳ እግሮቿ ከእሷ ቀድመው የተነሡ ይመስላታል። ያለምክንያት ትስቃለች። አዳራሹ ውስጥ ስድሳ ኪሎ ስታነሳ ብረቱ ከእጇ አምልጦ ጣሪያ የሚበሳ መሰላት። ሌላ ሠላሳ ኪሎ ቢጨመርበት እንደማይሰማት ለዘይኑልአቢዲን ማለችለት።

«አውቃለሁ» አላት። «ሁሉም እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። እዚህ አዳራሽ አንስቶት እዚያ ሲደርስ ባዶ ይሆናል። አብሽሪ፤ የትም አይሄድብሽም።»

የሠርጉ ቀን ድንኳኑ የተተከለው ከአስፋልቱ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ከቤታቸው እስከዚያ ያለው ቁልቁለት ድንጋያማ ነው፤ ባጃጅ አይወጣውም። ድቤው ተመትቶ መንዙማው ሲጀመር አክስት ስህን ኢንሳፍን በገዛ አፋቸው ሊመርቁ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። የአጎት ልጆች ዑበይዱላህና ሰዓድ ሊያወርዷቸው ገቡ። በብብታቸው ይዘው ሲጎትቷቸው አክስት ስህን ጥርሳቸውን ነክሰው አቃሰቱ። ልጆቹ ደንግጠው መልሰው አስቀመጧቸው።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ሱንዱስ ዞረ። መሪማ ዓይኗን ከልጇ አልነቀለችም። ሱንዱስ ያን ቁልቁለት ታውቀዋለች፤ አንድ ድንጋይ ቢያንሸራትታት ጀርባዋ ምን እንደሚሆንም ታውቃለች። ወደ ውድድሩ የሚወስዳት አውቶቡስ ነገ ጧት ነው። ቢሆንም እግሯ ወደ አልጋው ተራመደ፤ ጎንበስ አለች፤ እጇን በአክስቷ ጉልበት ሥር ሰደደች።

አክስት ስህን የእጇን አንጓ ያዙ።

«ተይ» አሏት ዝግ ብለው። «ያኔ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ዛሬ ሰው ሞልቷል።»

«ያሳምሙሻላ፣ አክስቴ።»

«አሳዪያቸው። አንቺስ ስትወለጂ ታውቂው ነበር?»

ሱንዱስ ቀና አለች። ዑበይዱላህን አልጋውን እስኪነካ አስጠጋችው፤ እግሩን እንዲከፍት፣ ጀርባውን እንዳያጎብጥ፣ ክብደቱን ወደ ደረቱ እንዲያስጠጋ፣ ከዚያ በእግሩ እንዲነሳ ነገረችው። ሰዓድ በስተኋላ ወገባቸውን እንዲደግፍ አደረገች። አክስት ስህን ክንዳቸውን በዑበይዱላህ አንገት ላይ ጠመጠሙና ድምፅ ሳያሰሙ ተነሡ። ከአፋቸው የወጣው «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ነው።

ሱንዱስ ቁልቁለቱን ከኋላ ከኋላ ወረደች። እጆቿ ባዶ ነበሩ፤ የት እንደምታደርጋቸው ግራ ገባት። ድንኳኑ በር ላይ ከእንግዶቹ መካከል ዘይኑልአቢዲን ቆሞ ነበር። ባዶ እጇን ስትወርድ አይቷታል። ከፊቱ ያለውን ወንበር ሳበላት፤ ተቀመጠች። አክስት ስህን ሙሽራዋን ሲመርቁ ሕዝቡ ሁሉ አሚን አለ፤ መሪማ መጥታ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች፤ እጇንም የሱንዱስ ጭን ላይ አሳረፈች። የበርሜሉ ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

አዲስ አበባ ያለው አዳራሽ ጣሪያው ሩቅ፣ መብራቱ ነጭ ነበር። ሱንዱስ ሚዛኑ ላይ ወጥታ ከሃምሳ ዘጠኝ ትንሽ ዝቅ ብላ አለፈች። በምድቧ የሚፈሩት የሺሀረግን ነው፤ የአዲስ አበባ ክለብ ልጅ፣ ባለፈው ዓመት ሱንዱስ በጦርነቱ ተፈናቅላ ሳለች ምርጫውን ያሸነፈችው እሷ ናት። ወደ አፍሪካ ሻምፒዮና ዝግጅት የምትጠራው ከሁሉም አንዷ ብቻ ነች።

መጀመሪያ ስናች ነበር፤ ብረቱ ከመሬት ተነሥቶ ሳያርፍ በአንድ እስትንፋስ አናት ላይ የሚወጣበት። ሱንዱስ እንደለመደችው አንጓዋን አጥብቃ ሳበችው። ብረቱ ግን አዲስ ነበርና በእጇ ውስጥ እንደ ዓሣ ዞረ፤ ከጀርባዋ ወደቀ። አዳራሹ «ውይ» አለ።

ዘይኑልአቢዲን ከመጋረጃው ጀርባ ጠበቃት። አልተቆጣም።

«የኛው ዝገት ስላለበት ስትታገይው ኖርሽ። ይሄ በራሱ ይዞራል። አትታገይው፤ ተከተይው።»

ሁለተኛውን ተከተለችውና ሰባ ሁለት አነሳች። ሦስተኛውና የመጨረሻው ሙከራ አመለጣት። የሺሀረግ በአራት ኪሎ መራች።

በሁለተኛው ዙር ብረቱ መጀመሪያ ደረት ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይገፋል። ሱንዱስ በመጀመሪያ ሙከራዋ ዘጠና ሁለት አነሳች። የሺሀረግ ዘጠና ሦስት አነሳች፤ ዘጠና ስድስት ላይ ግን ጉልበቷ ከዳት፤ ሙከራዋም አለቀ። ዘይኑልአቢዲን ጣቱን እያጠፈ የሁለቱን ዙር ድምር አሰላ። ለማሸነፍ ዘጠና ስምንት ያስፈልጋል።

«አንስተሽው አታውቂም» አላት።

«በዚያ ብረት ነው ያላነሳሁት» አለችው።

ስትወጣ የሰዉ ጩኸት አልተሰማትም። ሳምንቱን ሙሉ ስታባብለው፣ ስትደብቀው፣ ስታፍርበት የሰነበተችው ጉልበት እግሯ ሥር ቆሞ ሲጠብቃት ተሰማት። ሳበች። ብረቱ ዞሮ ደረቷ ላይ አረፈ፤ ከታች ተነሣች፤ አንድ ጊዜ ተነፈሰችና ገፋችው። ክንዶቿ ተቆለፉ። እግሮቿን ሰበሰበች። ሦስቱም የዳኞች መብራቶች ነጭ በሩ፤ ተቀበሉላት።

ከመጋረጃው ጀርባ ዘይኑልአቢዲን ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ቆሞ ነበር። ፎጣውን ሲያነሳ ዓይኖቹ ቀልተዋል። የሺሀረግ መጥታ አቅፋ ሳመቻት። ዘይኑልአቢዲን እንደ ምንም ድምፁን አስተካክሎ ነገሩ እንዳለቀ፣ ምርጫውን እንዳሸነፈች፣ የቀራትን አንድ ሙከራ መተው እንደምትችል ነገራት። ብልህ አሰልጣኝ የሚመክረው እሱን ነው፤ ተጎድቶ ወደ ዝግጅት መግባት አያዋጣም። ሱንዱስ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጉልበቶቿን እያየች ሰማችው። ኩዌት ያነሳቻቸው አሮጊት መነሳት ነበረባቸው። አስፋልቱ ላይ የተሸከመቻቸውን አክስቷን ማውረድ አይቻልም ነበር። ዘጠና ስምንቱም ቢሆን ግድ ነበር።

«መቶ በላቸው» አለችው።

«ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም።»

ዘይኑልአቢዲን ለአፍታ አያት። ከዚያ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለና ሊያስመዘግብላት ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄደ።