በሎሚና በአመድ የታሸው መስቀል

አባ መዝገቡ ጨርቁን ሲገልጡት የነሐሱ መስቀል ቦግ አለ። እሳቸው ፈገግ አሉ፤ እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የተቀረጸበትን ሐረግ አገላብጬ አየሁ።

በአምባሰል ተራራ ሥር ያለች የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የዕቃ ቤት ጠባቂ ናቸው። አባቴ ሀሚዱ ሐይቅ ከተማ ከመግባቱ በፊት ከሳቸው ጋር በሬ ተቀናጅተው ያርሱ ነበር። ትምህርት ቤት እጄን ይዘው ያስመዘገቡኝም እሳቸው ናቸው። አሁን ስማቸው በክፉ ተነስቷል። ከግሸን የተመለሰ አንድ ተሳላሚ «እንዲህ ያለ ጥንታዊ መስቀል ከተማ ሱቅ ውስጥ አየሁ» አለ። ወሬው ውጫሌ ገበያ ሲደርስ አባ መዝገቡ ዋናውን ሸጠው፣ አስመስለው ያሠሩትን አስቀምጠዋል ተባለ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ የጨመረበት ግን የለም።

አዲስ አበባ የምሠራው የብረት ቆዳ እንዴት እንደሚዝግ ማጥናት ነው። ኤክስሬይ እናሳርፍበታለን፤ ከላዩ ኤሌክትሮኖች ይፈናጠራሉ፤ የነሱን ጉልበት ለክተን ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ምን ያህል እንደተዋሃደ እናውቃለን። አጭበርባሪ አሮጌ ነሐስ አቅልጦ መስቀል ሊሠራ ይችላል። ዘመን የሚያለብሰውን ሽፋን ግን እንዲህ በቀላሉ አይሠራውም። ይህን ለሰበካ ጉባኤው ሳስረዳ ጸሐፊው አቶ ረዳ «እንግዲያው መርምሪልን» አለ። «አሮጌነቱ ካልተረጋገጠ አባ ቁልፉን ያስረክባሉ፤ ነገሩም ወደ ሕግ ይሄዳል።»

«ምን አደረጉት አባ?» አልኩ።

«ቆሽሾ ልስጥሽ ኖሯል? አዲስ አበባ በአለቆችሽ ፊት ልታፍሪ?» አሉ። «በሎሚና በአመድ አሸሁት። ሐረጉ ውስጥ የተሰገሰገውን ሳይቀር በአጋም እሾህ ፈልቅቄ አወጣሁት።»

ለየበዓሉ የሚታሸው ላዩ ብቻ ነው። የኔ ተስፋ የሐረጉ ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠው ጥቁር የዘመን ሽፋን ነበር፤ እሱን ነው በእሾህ ያወጡት።

«ይኸው፣ አዲስ ነው እኮ» አለ ከጎኔ የቆመው ረዳ።

«ታጥቦ ነው!» ብዬ ጮኽኩበት።

«ታዲያ ምርመራ ሲመጣ ማጠቡ ምን ይባላል?»

እኛ አገር ከቤት የሚወጣ ዕቃ ቆሽሾ እንደማይወጣ ረዳም ያውቃል። እያወቀ ጠየቀኝ፤ ተናደድኩ። ከሱ ይልቅ ግን በራሴ ተናደድኩ። መምጣቴን ልነግራቸው ስደውልላቸው «እንዳይነኩት» ማለት እንዴት አልመጣልኝም? የወሎ ልጅ ሆኜ!

ሐይቅ አባቴ ቤት አደርኩ። ነገሩን ስነግረው «አሮጌ ነው ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

«ያላየሁትን እንዴት እጽፋለሁ አባዬ?»

«እኔ አይቼዋለሁ። ለጥምቀት በወጣ ቁጥር ቆሜ የማየው እሱኑ ነው። ወላሂ፣ መዝገቡ አይሸጥም።»

እኔም አይሸጡም እላለሁ። መሣሪያው ግን የሰው ምስክርነት አይሰማም። አዲስ አበባ ተመልሼ ቤተ ሙከራ ገብቼ ሐረጉን ጎድጓዳ በጎድጓዳ ፈተሽኩት። ያገኘሁት ገና መጀመሩ የሆነ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ሰሞኑን የተሠራ መስቀልም፣ ሰሞኑን የታሸ ጥንታዊ መስቀልም ይህንኑ ያሳያሉ። «አሮጌ ነው» ብዬ መጻፍ አማረኝ፤ ጻፍኩትም፤ መልሼ አጠፋሁት። አለቀስኩ።

በዚህ መሃል አባ መዝገቡ ደወሉ።

«አብሽሪ ልጄ፣ አልይዝሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሐረጉ ውስጥ የቀረ ቆሻሻ ነበር? ዓይኔ ደክሟል፤ አሳፍሬሽ እንዳይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

«አልነበረም አባ» አልኩ። «አንድም ቦታ አልቀረም።»

«ተመስገን» አሉ፤ ሲተነፍሱ ተሰማኝ። «እንግዲህ ለመስቀል በዓል ማሸት አያስፈልገኝም። እንዲሁ ይዤው እወጣለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ «አሮጌነቱን ማረጋገጥ አልተቻለም» ብዬ ጻፍኩና ለረዳ ላክሁለት።