የምድጃው ገበር

ምድጃ ገንቢው ሥራውን ጨርሶ እጁን ከታጠበ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እግሩ ግን አላርፍ ብሎታል። ቁጭ ይላል፣ ወንበሩ ሳይሞቅ ብድግ ይላል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ወለሉን ልትጨርሰው ነው እኮ» አለችው። አልሰማትም። እውነትም አልሰማትም፤ ጣጣውም ይኸው ነበር።

ሰውየው የብረትና የብርጭቆ ማቅለጫ ምድጃዎችን የውስጥ ግድግዳ ሲገነባ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሚስቱ በሙያዋ ቋንቋ «የምድጃ ገበር ሰፊ» ትለዋለች። ገበሩ የእሳት ጡብ ነው። ተራ ጡብ እዚያ ቢገባ ተሰባብሮና ቀልጦ ይወርዳል፤ የእሳት ጡብ ግን ብረት እንደ ውሃ የሚሆንበትን ሙቀት ችሎ ይቆማል። ከባዱና ድፍኑ ከእሳቱ ፊት ይሰለፋል፤ ቀላሉና ባለ ቀዳዳው ከኋላ ሆኖ ሙቀቱን ያፍናል። በመካከላቸው የሚገባው ጭቃ እንኳ ከቢላ ስለት ብዙ አይወፍርም። ነገር ግን አንዱ ጡብ ውስጡ ከተሰነጠቀ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ገደል ገባ ማለት ነው። የቀለጠው ብረት በስንጥቁ ሾልኮ፣ የውጭውን ቅርፊት በስቶ፣ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ላይ ይወጣል። ስንጥቁን ዓይን አያየውም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጡብ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ መታ ያደርገዋል። ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል፤ የታመመው «ዱፍ» ይላል። ሰውየው በዚህ ችሎታው ስሙ ቀርቶ «ጆሮው» ይባል ነበር።

ከዓመት ወዲህ ግን ጆሮው ከዳው። መጀመሪያ ቀኙ ጭው ይል ጀመር፣ ግራውም ተከተለው። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሲያወሩት ከንፈር እያየ ይመልሳል፤ ካልገባው ይስቃል። ጡብም ሲመታ፣ በጣቱ በሚሰማው ንዝረት እየፈረደ፣ «ይሄም ደህና ነው» ብሎ ይሰልፋል። የአሁኑን ሦስት መቶ ጡብ የገነባው እንዲህ እያደረገ ነው። ነገ ጠዋት የማድረቂያው እሳት ይለኮሳል፤ ጭቃው አንዴ ከጠነከረ ወዲያ መመለሻ የለም።

ምሳ ቀርቦ ሁለቴ ቀምሶ ሲተወው ሚስቱ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ምን ሆነሃል?»

«አልሰማም» አለ።

«ምኑን?»

«ጡቡን። አንቺንም ቢሆን እያየሁሽ ነው የምሰማሽ።»

ዓመት ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ያላት መስሏት ስንቴ እንዳኮረፈችው አስታወሰች። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። በዚያ ምድጃ ፊት ቆሞ ብረት የሚያቀልጠው ታናሽ ወንድሟ ነው።

«እሱ ያውቃል?»

በአሉታ ራሱን ነቀነቀ። መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ነጠላ ጫማዋን ፈለገች። በመንገድ ላይ ሁለቴ ቆሞ ነገ በማለዳ ብቻውን ሄዶ እንደሚነግራቸው አስረዳት። እሷ ግን ዞራም አላየችው።

አማቹን ብረት ፋብሪካው ውስጥ፣ የቀለጠ ብረት ከሚቀዳበት ትልቅ ጭልፋ አፍ ላይ ዝገት ሲፍቅ አገኙት። ሰውየው የሆነውን ሁሉ ነገረው። አማቹ ፍቆ ፍቆ ሲያበቃ ነው ቀና ያለው።

«ጋሼ፣ እዚያ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ትናንትስ አታውቅም ነበር?»

ሦስቱም ወደ አለቃው ቢሮ አመሩ።

የፋብሪካው አለቃ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀን የተቆረጠለት ሥራ እንዳለ ደጋግሞ ተናገረ። ኋላ ግን አቅላጩን አየና ይፍረስ አለ። ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ አወረዱት። ሰውየው አንድ ደህና ጡብና ስንጥቁ በዓይን የሚታይ አንድ የተጣለ ጡብ መርጦ ለሚስቱ ልዩነቱን አሳያት፤ ከዚያ መዶሻውን አስረከባት። መጀመሪያ እያመነታች ሦስት አራት ጊዜ ትመታ ነበር። መቶ ሲሞላ አንዴ መታ አድርጋ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ታስቀምጣለች። በስተግራ ዘጠኝ የታመመ ጡብ ተከመረ። ሁለቱ የወረዱት ከታች፣ ብረቱ ከሚፈስበት አፍ አጠገብ ነው። አማቹ አንዱን አንስቶ ከወለሉ ጠርዝ ጋር ቢያጋጨው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹን እጁ ላይ እንደያዘ ወጣ፤ ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል።

ምድጃው እንደገና ተገነባ፣ ቀስ በቀስ ሞቀ፣ ብረቱም ያለ ችግር ቀለጠ። ሰውየው ግን ሆዱ አልቆረጠለትም። ጆሮው መድከም ከጀመረ ወዲህ የሠራውን ቢያሰላ አንድ ምድጃ ቀርቷል፤ ከከተማው ማዶ ያለው የጠርሙስ ፋብሪካ ምድጃ። በዚያው ቀን ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ታሪኩን በትዕግሥት አዳመጠውና፣ ሰባት ወር ሙሉ ሲነድ አንድም እንከን እንዳልታየበት፣ ለጥርጣሬ ተብሎም እንደማይቆም ነገረው። ሰውየው አልተከራከረም። ግድግዳውን በውጭ በኩል እንዲዳስስ ብቻ ለመነ።

መዳፉን ከውጭው የብረት ቅርፊት ትንሽ አራርቆ ዙሪያውን ዞረ። ከኋላ፣ ከታችኛው ማዕዘን አጠገብ ሲደርስ ሙቀቱ ገርፎት እጁን አሸሸ። እንደገና ሞከረ። ሥራ አስኪያጁን ጠርቶ የእሱንም እጅ እዚያው አስጠጋው።

«ሌላውን ጎን ደግሞ ዳስስና ፍረድ» አለው።

ሥራ አስኪያጁ ዳሰሰ። ከዚያ ምድጃውን ሊያስቆም ወደ እሳት ተቆጣጣሪው ሮጠ።

እስኪቀዘቅዝ ስድስት ቀን ፈጀ፤ ሰውየው ስድስቱንም ቀን ከግቢው በር አልጠፋም። በሰባተኛው ቀን ቀድሞ ገባ። በዚያው ማዕዘን የፊቱ ጡብ በመዳፍ ስፋት ያህል ተበልቶ አልቆ፣ የኋላው ግማሹ ብቻ ቀርቶ ነበር። አጠገቡ ያለው ሠራተኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሰውየው ዞሮ ጮክ ብሎ፣

«ድገምልኝ፣ ጆሮዬ አይሰማም» አለው።