ከመጥበሻ ሥር የተገኘ ማስታወሻ

«እማዬ፣ የአባባ አምፕሊፋየር አጎቴ ቤት ደህና ተቀምጧል?»

ልጄ ይህን ስትጠይቀኝ እጄን እየታጠብኩ ነበር። ከዋርሳዬ፣ ከባሌ ታላቅ ወንድም ቤት ገና መመለሴ ነው። ታጥቤ ጣቶቼን አሸተትኳቸውና ሳሙናውን እንደገና አነሳሁ። ደህና ነው ብዬ ብዋሽ ልጄን በገዛ እጄ መስጠቴ ነው። እውነቱን ብናገር ደግሞ የአባቷን ወገን ከሆዷ ማውጣቴ ነው።

«ሳሙናውን እኮ ጨረስሽው» አለችና ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ባሌ በዚህ ዓለም የሚሳሳለት ዕቃ አንድ ብቻ ነበር። አሮጌ ስቴሪዮ ነው። ራዲዮው ከላይ፣ ካሴት ማጫወቻው ከመሐል፣ አምፕሊፋየሩ ከታች ይደረደራሉ፤ ስፒከሮቹ እንደ ዘበኛ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። አቧራውን የሚያነሳው ራሱ ነበር፤ እኔን አያስነካኝም። «አንቺ ድስት እንደምትፈትጊ ነው የምትፈትጊው» ይለኛል።

ከቀብሩ በኋላ ወንድሞቹና እህቱ መጥተው ለማስታወሻ ተካፈሉት። አምፕሊፋየሩን ታላቅየው ወሰደ፤ «ከባዱ የታላቅ ነው» ብሎ። እህትየው ስፒከሮቹን፣ ታናሽየው ራዲዮውን አነሱ። «ካሴቶቹ አንቺ ጋ ስላሉ ማጫወቻው ላንቺ ይሁን» አሉኝ። እኔም ሞኟ ደህና ከፋፈሉ ብዬ አመሰገንኳቸው።

ሰዎቹ ሲወጡ ላጫውተው ብል ሶኬት ላይ የሚሰካ ገመድ እንኳን የለውም። ከጀርባው አንዲት ጠፍጣፋ ገመድ እንደ ጅራት ተንጠልጥላለች፤ ጫፏ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ዋርሳዬ ቤት ነው። የእህትየው ስፒከሮች ዲዳ ሆኑ። የታናሽየው ራዲዮም እንዲሁ። አምፕሊፋየሩም ቢሆን የሚያጎላው ድምፅ ከየት ያመጣል? አንድ አካል ቆራርጠው አንዱ እጁን፣ አንዱ እግሩን፣ አንዱ ምላሱን ይዞ የገባ ነው የመሰለኝ። የማይሠራ መሆኑን ሁሉም አወቀ፤ የሚመልስ ግን ጠፋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ኋላ ዋርሳዬ ልጄ እነሱ ጋ እንድትኖር ጠየቀኝ። ሚስቱ መንታ ወልዳለች። «ትምህርት ቤቷ ለኛ ይቀርባል። የራሷ ክፍል ይኖራታል። አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ» አለ። ልጄም ልቧ ሸፈተ።

«እዚያ የአባባ ዕቃ አለ፣ እማዬ» አለችኝ። «እዚህ እኮ ድምፁ እንኳን የለም።»

ያቺ ቃል እንደ እሾህ ተሰካችብኝ። ባሌ ካሴት ሲቀዳ ከየዘፈኑ በፊት እንደ ራዲዮ ሰው የመናገር አመል ነበረው። ድምፁ እኔው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ አለ፤ የሚያወጣው ጠፋ እንጂ። ትምህርት ሳይከፈት ድምፁን እዚህ ቤት ካላሰማሁ ልጄ መሄዷ ነው ብዬ ማጫወቻውን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ አለ። ቀጭን ስለሆነና ሽቦ ከእጁ ስለማይጠፋ ሽቦ ነው የሚሉት። ክዳኑን ፈቶ እፍ አለበት።

«ንጹሕ ነው። ባለቤቱ ይወደው ነበር መሰለኝ» አለ። «ግን እትዬ፣ ይሄ ብቻውን አይነሳም። መብራት የሚያገኘው በዚህች ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ነው። ተነስ ብሎ የሚያዘውም እሱ ነው።»

«ያለ እሱ ጭራሽ አይሆንም?»

«ኧረ እትዬ! ባሏ የሞተባት ሁሉ አብራ ትሞታለች እንዴ?» አለና አፉን በእጁ ያዘ። «ይቅርታ፣ አፌ ነው።»

«ግድ የለም፣ ልጄ። ሥራህን ቀጥል።»

«መፍትሔ አይጠፋም። አምፕሊፋየሩን ለአንድ ቀን ቢያውሱኝ ግን በየሽቦው የሚያልፈውን ለክቼ ቶሎ እጨርስልዎ ነበር።»

ለአንድ ቀን ማን ይከለክለኛል ብዬ ዋርሳዬ ቤት ሄድኩ። እሱ የለም። ሚስቱ አንዱን መንታ ታቅፋ፣ በሌላ እጇ ማማሰያ ይዛ፣ ከማድ ቤት ብቅ አለች። የመጣሁበትን ነገርኳት።

«ውይ እህቴ!» አለች። «የወንድሙ ማስታወሻ እኮ ነው! ከቤት ይውጣ ብለው ጋሼ ምን ይለኛል? ባየው ቁጥር እንባው ይመጣል።»

ይህን ስትል አምፕሊፋየሩ ከጀርባዋ፣ ከምድጃው ጎን ነበር። ላዩ ላይ መጥበሻ ተቀምጦበታል።

መጀመሪያ ሌላ ዕቃ መሰለኝ። ሲሞቅ እንዲተነፍስ የተበሳሱት ቀዳዳዎች በቢጫ ዘይት ተደፍነዋል። ዘይቱ በጎኑ ወርዶ፣ ረግቶ፣ በላዩ ሌላ ወርዶበት፣ እንደ ቀለጠ ሻማ ተንጠልጥሏል። የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፎበታል። ባሌ በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ የሚያዞረው የድምፅ ቁልፍ ሥር አንድ በረሮ አንቴናውን እያወዛወዘ አየኝ። አልሸሸም። ቤቱ ነዋ።

ወደ ማድ ቤቱ ገብቼ እጄን ሰደድኩ። ጣቴ ተጣበቀ፤ ስስበው እንደ ንፍጥ ክር አወጣ።

ዓይኔን አይታ «ሙቀት ይችላል» አለች ሴትዮዋ፣ ምንም ሳይመስላት። «እንደ ባለቤቱ ቻይ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ለመሆኑ ልጅቷን መቼ ነው የምትልኪልን? እነዚህ መንታዎች ወገቤን ቆረጡት። ማጠቡ፣ ማዘሉ… እሷ ከመጣች ትንሽ ቀና እላለሁ።»

አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። ማስመለስም ስለነበረበት ሁለቱን አንድ ላይ ዋጥኩ። ልጄ ያን ጥያቄ የጠየቀችኝ ከዚያ እንደተመለስኩ ነው።

ሽቦ የሆነውን ስነግረው ምራቁን ጢቅ አደረገ። «ይቅርባቸው። ያለ እነሱ እናስነሳዋለን» አለ።

ጊዜ ወሰደበት። ከውስጥ ያሉትን ቁጥሮች እያነበበ፣ አንዷን ሽቦ እየሞከረ ሌላዋን እየተወ፣ በስተመጨረሻ ከወዳደቁ ዕቃዎች የነቀላቸውን ትራንስፎርመሮች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገጠመልኝ። መብራቱ ከቆርቆሮው በጠፍጣፋዋ ገመድ ይገባል። አንዲት ቀጭን ሽቦ ደግሞ ከጎረቤቷ ጋር በቀለጠ እርሳስ አጣበቃት።

«ተነስ የምትለው ይቺ ናት። አምፕሊፋየሩ ያዘዘው እየመሰለው ይነሳል። ዋሽተን ነው ያስነሳነው» አለ። ድምፁ በማድ ቤት ራዲዮዬ በኩል እንዲወጣም ሌላ ገመድ ቀጠለልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ጋር ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። ካሴቶቹ ላይ ባሌ በእጁ ጽፎባቸዋል። እሱ በሕይወት ሳለ የማታ ትምህርት ስጀምር «ጽሑፌን ራስሽ የምታነቢው መቼ ይሆን?» ይለኝ ነበር። አንዱን አንስቼ ፊደል በፊደል ለቀምኩት፤ «ለዝናብ ቀን» ይላል። ከትቼ ቁልፉን ተጫንኩት።

መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን! የዛሬ አድማጮቻችን ሁለት ናቸው። አንዷ ሽንኩርት እየላጠች ታለቅሳለች፤ አንዷ የቤት ሥራዋን አልሠራችም።»

ልጄ ጉልበቴ ላይ ተደፋች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅኩም። እኔም ምን እንዳደረግኩ እንጃ።

ዋርሳዬ ልጄን ሊወስድ የመጣው ይህን እያዳመጥን ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሰማ፤ «አይ ወንድሜ!» ብሎም ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ታዲያ ይሄ ከጓደኞቹ ተለይቶ እዚህ ምን ይሠራል? ልጅቷም ዕቃውም አብረው ይምጡ እንጂ። አምፕሊፋየሩን እኮ ዳንቴል አልብሼ ሳሎን በክብር ነው ያስቀመጥኩት» አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ያ ጥያቄ ዓይኗ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ እንግዲያው አምፕሊፋየሩን ያምጡትና አንድ ጊዜ አብረን እንስማ» አልኩ። «ከዚያ ከፈለገች ትሂድ፤ አልከለክልም።»

«ምን ችግር አለው!» አለ።

በማግስቱ ነጭ ዳንቴል አልብሶ ይዞት መጣ። ላዩ ያብረቀርቃል፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። ለካ ሲፈትጉት አድረዋል። ልጄ ከእጁ ስትቀበለው ዳንቴሉ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ዕቃውን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ጉንጯን ሁሉ አስነካችው።

ሙቅ ውኃው ውስጡ የረጋውን ዘይት አላልቶት ኖሯል። በታች በኩል መፍሰስ ጀመረ። ቡናማ፣ ወፍራም፣ የከረፋ ዘይት በቀሚሷ ላይ ተዝለገለገ። ከቀዳዳው በረሮ ወጣ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ አንዱ በእጅጌዋ ሽቅብ ሮጠ። ጮኸች፤ አልጣለችውም ግን። ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አሳረፈችው፣ በረሮውን አራገፈችና እጇን አሸተተች።

«ሽንኩርት ይሸታል» አለች።

«የማሽን ዘይት ነው። አሮጌ ዕቃ ያነባል» አለ አጎቷ።

ጎንበስ ብላ ከቀዳዳው አንድ ያረረ ነገር በጥፍሯ ቆፍራ አወጣች። «የማሽን ዘይት ቁሌት አለው እንዴ፣ አጎቴ?»

«እንግዲህ ሴቶቹ ይሆናሉ… እኔ ማድ ቤት እገባለሁ?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «ለዚህ ነዋ ሳሙናውን የጨረስሽው» አለችኝ።

«ለዚህ ነው።»

ሻንጣዋ በሩ ሥር ተዘግቶ ቆሞ ነበር። ሄዳ ከፈተችው፣ ሌላ ቀሚስ አወጣችና ወደ ጓዳ ገባች። ዋርሳዬ ትንሽ ጠበቃት። ስትቀር ጊዜ ከወለሉ ላይ ዳንቴሉን አነሳ፤ ዘይት እንዳልነካው ገልብጦ አይቶ በጥንቃቄ አጠፈው። «የባለቤቴ ነው» አለኝ።

እሱ ዳንቴሉን ይዞ ሄደ። ልጄ ቀረች። አምፕሊፋየሩም ቀረ፤ በረንዳ ላይ፣ ጋዜጣ ተነጥፎለት።