የካርቶኖቹ ጀርባ

«ነገ በቅዳሴው እነዚህ ይሰቀላሉ» አለ ቪርጂልዮ፣ ከሟቿ አልጋ ሥር የወጡትን፣ መፈክር የተጻፈባቸውን የትምህርት ቤት ካርቶኖች በከዘራው ጫፍ እየነካካ። «በዚህ መንደር የሳላዛርን ቃል እንደ እናትሽ ያስተማረ የለም። ንግግሩን እኔ ራሴ አደርጋለሁ።»

«ዛሬም ሹም የሆነ ይመስለዋል» አለች አንዷ ለቀስተኛ ለጎረቤቷ፣ አይቧን እየቆረሰች። አምባገነኑ ሳላዛር አገሩን በሚገዛበት በድሮው መንግሥት ጊዜ የመንደሩ ሹም እሱ ነበር።

ሌኦኒልዴ ካርቶኖቹን ወደ ራሷ ሳበች። እናቷ አስተማሪዋ ኤርሜሊንዳ ከተቀበረች ስድስተኛ ቀኗ ነው። ነገ በሰባተኛው ቀን ቅዳሴ ላይ ሰውዬው እንዳለው ከተናገረ እናቷ በዚያው ስም ትቀራለች። እሷ ደግሞ «ውሸት ነው» የምትልበት ነገር አልነበራትም።

በልጅነቷ በየማለዳው ያየችው ያንኑ ነበር። እናቷ ከሳላዛር ፎቶግራፍ ሥር ቆማ «እግዚአብሔር፣ አገር፣ ቤተሰብ» ትላለች፤ ልጆቹ ይደግማሉ። ለማግባት እንኳ፣ ለአስተማሪ ያለ ፈቃድ አይቻልምና፣ ሚኒስቴሩን በማመልከቻ ለምና ወራት የጠበቀች ሴት ናት። ያ መንግሥት የወደቀ ጊዜ ሌኦኒልዴ ደረቷ ላይ የአብዮቱን ቀይ አበባ ሰክታ ከሊዝበን መጣችና «ዕድሜሽን ሙሉ የእሱ አፍ ሆነሽ ኖርሽ» አለቻት። እናቷ «ሾርባሽ እንዳይቀዘቅዝ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ለገና ብቻ ነበር የምትመጣው።

«ገልብጪው፣ ልጄ» አለች የቪርጂልዮ ሚስት ፌሊዝሚና ከጥግ።

«ምኑን?»

«ካርቶኑን ነዋ።»

ሌኦኒልዴ «ሁሉም ለአገር፣ በአገር ላይ ምንም» የሚለውን ገለበጠችው። ጀርባው በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ አንዳንዱም ካርቶኑን ሊበሳ ደርሷል። «ስሜ ፌሊዝሚና ነው። ሦስት ፍየሎች አሉኝ።» በግርጌው በቀይ እርሳስ፣ ሌኦኒልዴ በምታውቀው እጅ ጽሑፍ፣ «ጎሽ፣ ቀጥዪ» ይላል።

«ሐሙስ ሐሙስ ፊደል ልንማር እዚህ እንሰበሰብ ነበር» አለች ፌሊዝሚና። «ወረቀት ከየት ይምጣ? ከትምህርት ቤት ያረጀውን ታመጣልናለች። 'የሳላዛርን ቃል ገልብጦ ጀርባውን የሚያይ ደፋር የለም' ትለን ነበር።»

ሴቶቹ ሳቃቸውን በመሐረባቸው አፈኑ።

«ሐሙስ የመቁጠሪያ ጸሎት ልንደግም ነው አላልሽኝም?» አለ ቪርጂልዮ።

«መጀመሪያ አንድ ጊዜ እንደግም ነበር፤ እግዜርን መዋሸት ይከብዳል።»

«እኔ አነብልሽ አልነበረም እንዴ!»

«ልጃችን ከአንጎላ ጦርነት ሲጽፍ ደስ ያለህን ነበር የምታነብልኝ። 'ደህና ነኝ ይላል' ብለህ ታጥፈዋለህ። 'እማዬ፣ እፈራለሁ' ማለቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ተኝተህ። መልሱንም የጻፍኩለት እኔ ነኝ።»

ቪርጂልዮ ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

በማግሥቱ ካርቶኖቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው። ከቅዳሴው በኋላ ዘጠኝ አሮጊቶች ተራ በተራ እየተነሡ የየራሳቸውን ጽሑፍ አነበቡ። ስለ ፍየል፣ ስለ ወይራ፣ ፈረንሳይ ስለሄደ ባል። አንዷ መነጽሯን ረስታ መጥታ በቃሏ ወጣችው። ምእመኑ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ረስቶ አጨበጨበ። ቄሱም አብረው አጨበጨቡ። ቪርጂልዮ የንግግሩን ወረቀት ከኪሱ አላወጣም፤ ሚስቱ ስታነብ ግን ከመቀመጫው ተነሣ።

ሌኦኒልዴ በሩ ላይ ቆማ ሰዉን ስትሸኝ አንገቷ ቀና ብሎ ነበር። ሰባት ቀን ሙሉ አላለቀሰችም።

ፌሊዝሚና በመጨረሻ መጣችና ከጉያዋ አንዲት ቁራጭ ካርቶን አወጣች። «ይቺን ሳታርምልኝ ታመመች። ደጇ ድረስ ይዤ መጥቼ እንዳላስቸግራት ብዬ ተመለስኩ።»

ካርቶኑ ላይ «አስተማሪዬ ትድናለች» ይላል።

ሌኦኒልዴ ከእናቷ ልብስ ኪስ ያገኘቻትን ጉማጅ ቀይ እርሳስ አወጣች። እናቷ ታደርግ እንደነበረው ጫፏን በምላሷ አራሰች። ከዚያ ካርቶኑን በሩ ላይ አስደግፋ ከሥሩ «ጎሽ፣ ቀጥዪ» ብላ ጻፈች።