የተናኜ ለቅሶና የባምላኩ እውነት

ተናኜ በቡሬ ዙሪያ ስሟ የተጠራ አልቃሽ ናት። ባሏ ባምላኩ በርበሬ አምራች ነው፤ ውሸት ሰምቶ ማለፍ አይሆንለትም። ለቅሶ ቤት ከወንዶቹ ጋር ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ በዐሥራ ሁለት ዓመት ትዳራቸው የምትለውን በደንብ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

የጎረቤታቸው የአንዷለም ቀብር ዕለት ግን ድንኳኑ ጠበበና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ተናኜ ደረቷን እየመታች፣ «ጎህ ሳይቀድ በሬ የሚጠምደው» ስትል ባምላኩ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ አንዷለም ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ አያውቅም። አጥር ለአጥር ነን። በተረፈ ደግ ሰው ነበር።»

የሟች ወንድሞች ሽመል ሲያነሡ ሽማግሌዎች ገላገሉ።

ቤት ሲገቡ ተናኜ፣ «ሙት ወቃሽ አትሁን ሲባል አልሰማህም?» አለችው።

«አረምኩሽ እንጂ አልወቀስኩም።»

«ሐዘንተኛ ፊት የሟችን ገመና ማውጣት ኃጢአት ነው።»

«መዋሸትስ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታናግረው በበሬያቸው በቦራ በኩል ሆነ። «ቦራ፣ ራቱ ቀርቧል በለው» ትላለች። ባምላኩም ለበሬው፣ «መጣሁ በላት» ይላል።

ሽማግሌዎች፣ ቀብር ባለ ቀን ባምላኩ ፍኖተ ሰላም ሄዶ እንዲውል ፈረዱ። ሄደ። ግን መንገድ ላይ «ወዴት ነው?» ላለው ሁሉ፣ «ሚስቴ ተመችቷት እንድትዋሽ ነው» እያለ መለሰ። ወሬው ደርሶ ሁለት ለቅሶ ከተበላሸ በኋላ ፍርዱን አነሡለት።

በኅዳር የባምላኩ እናት እማማ ወለተ ሐና ዐረፉ። ለእንግዳ ውኃ የሚሰስቱ፣ ምላሳቸው እሾህ የሆነ ሴት ነበሩ፤ ተናኜን አንድ ቀን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ባምላኩም ይህን አይክድም። ግን እናቱ ናቸው። በቀጥታ ወደ ሚስቱ ሄደ፤ በሬውን አልፈለገም።

«ዝም ብለሽ አትሸኚያቸው» አላት።

«ምን ልበል? ብዋሽ ታርመኛለህ። እውነቱን ደግሞ እኔ አልናገርም።»

«አላውቅም» አለና አለቀሰ።

ተናኜ ድንኳኑ መሐል ቆመች። ሰው ሁሉ የሚያየው ባምላኩን ነው።

«ወለተ ሐና ቤት፣ የገቡት በሙሉ፣
ሲወጡ አየናቸው፣ በቃን በቃን ሲሉ።»

ሴቶቹ ጮኹ። ከሩቅ የመጣ አንድ ዘመድ፣ «እንዴት ያለች አብልታ የማትጠግብ ሴት ሞተች» ብሎ ዕንባውን ጠረገ። ባምላኩ ብድግ ሲል ወንድሙ ወንድምአገኝ ጋቢውን ጨምድዶ ያዘው።

«ግጥሙስ እውነት ነው» አለ ባምላኩ፤ ተመልሶም ተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን፣ እንግዳው ሲቀንስ፣ «በቃን ያሉት ምግቡን ነው እናቴን?» ሲል ጠየቃት።

«አንተ የቱን ሰማህ?»

«ሁለቱንም።»

«እንግዲያ ሁለቱንም ያዘው።»

ባምላኩ ግን ከነከነው። ቄስ እንዳለው ወደሚባሉት ንስሐ አባቱ ሄዶ፣ ዘመዱ ባልበላው ምግብ ሲያለቅስ እያየ ሳያርመው መቅረቱን ተናዘዘ። ቄሱ ግጥሙን ሁለት ጊዜ አስደገሙትና አርባ ስግደት አዘዙት።

ተናኜ አጠገቡ ቆማ ቆጠረችለት። ወገቡን እንዳመመው ስታይ ከሠላሳ ቀጥላ «አርባ» አለች።

«ሠላሳ አንድ» አላትና ሰገደ።